ቅቤ የለበትም

ባለፈው መጋቢት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባሳችን ሐሙሲት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሻይ አምሮታል። ገና በሩ ሳይከፈት አንዲት ወጣት ሴት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች የደረደረችበትን ሰፌድ ወደ መስኮቴ ከፍ አድርጋ፣ «የሸንኮራ ማር! የሸንኮራ ማር! የጾም ነው፤ ቅቤ የለበትም!» እያለች ትጮህ ጀመር። በጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ነገር ጠይም ቀይ ነው። ፀሐይ ስታርፍበት ደግሞ ወርቅ ወርቅ ይላል።

አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ከጆሮው የሰካውን ማዳመጫ ነቅሎ፣ «ማዘር፣ የሸንኮራ ማር ውስጥ ቅቤ ምን ሊሠራ ይገባል?» አለኝ።

ደህና ጥያቄ ነው። መልሱን ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው በዚያች መኪና ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን ምን ብዬ ልንገረው? ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ሳቄን ዋጥሁና «እንጃ ልጄ» አልሁት። በዐቢይ ጾም የዋሸሁት ውሸት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ትልቁን ውሸት ልዋሽ የደረስሁት ከዚያው ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ባለች መንደር፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

አባቴ ከአሰላ መጥቶ ባሕር ዳር ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነበር። ያደግሁት በፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለበት ቤት ነው። እሳት ማለት ለእኔ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ የሚግል፣ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ የሚበርድ ነገር ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ብረታ ብረት ተማርሁ። ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እኔ ስለነበርሁ ብየዳዬ ከወንዶቹ ብየዳ ያምር ነበር፤ ማማር ነበረበት። ተመርቄ ለገበሬው አዳዲስ መሣሪያ በሚያስተዋውቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። አለቃዬ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ኮት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ የማይጠፋ፣ ከመምሸቱ በፊት ቤታቸው መግባት የሚወዱ ሰው ነበሩ።

እኒህ ሰው አንድ ቀን ሦስት ገጽ ጽሑፍ ሰጡኝ። በበረዶ አገር ከዛፍ የሚንጠባጠብ ጣፋጭ ውሃ ሰብስበው፣ በእንጨት እሳት አፍልተው ሽሮፕ የሚያወጡ ሰዎች የጻፉት ነው። አቶ ደምሴ ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰውታል። «እነሱ ከዛፍ ካወጡት እኛ ከሸንኮራ አናወጣም?» አሉኝ። በሐይቁ ዳር ያሉ ገበሬዎች ሸንኮራቸውን በአገዳ በአገዳው ቆርጠው ለመንገደኛ ነበር የሚሸጡት፤ ያልተሸጠው ደርቆ ይጣላል። እኔም ሦስቱን ገጾች እንደ ዳዊት ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁና ትሪውን ሠራሁት። ከላሜራ የተበየደ፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ጠርዙ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጠፍጣፋ ትሪ ነው። ከሥሩ ረጅም የጭቃ ምድጃ ይሠራለታል፤ በአንዱ ጫፍ እንጨት የሚገባበት አፍ፣ በሌላው ጫፍ ጭስ ማውጫ። ጭማቂው በትሪው ላይ ተዘርግቶ ሲፈላ ውሃው ቶሎ ይተንና ማር የመሰለው ይቀራል። ጭንቁ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል መፍላት አለበት። አንዱ ጥግ ሲንተከተክ ሌላው ከተኛ፣ ያ ያርራል፣ ይኼኛው ጥሬውን ይቀራል።

ለጉዞው ዕቃ ስሸክፍ ጽሑፉ ላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች መካከል «ጥቂት ቅቤ» የሚል አየሁ። እናቴን ጠየቅኋት። «ለጠጉርሽ ነው?» አለችኝ። ምድጃና ትሪ ማስረዳቱ ስለታከተኝ «አዎ» አልኋት። ልጄ በስተመጨረሻ ሴት ልትሆን ነው ብላ መሰለኝ፣ ደስ ብሏት ለጋ ቅቤ በመድኃኒት ብልቃጥ ሞልታ ሰጠችኝ። ወሩ የካቲት ነው፤ ጾሙ ከገባ ሳምንት አልፎታል። እናቴ ይህን እያወቀች ለጠጉር ብላ ሰጠች፤ እኔ እያወቅሁ አላሰብሁትም። በእኛ ቤት የምትጾመው እናቴ ብቻ ነበረች።

ትሪውን የተቀበሉን እትዬ የሻረግ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ሸንኮራዬን ለሙከራ እሰጣለሁ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ትሪው ከመኪና ሲወርድ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይኸ አልጋ ነው?» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ ስሙ አልጋው ሆነ።

«ለምንድን ነው ሸንኮራዎን የሰጡን?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ያመጡልንን ቆሎ እየቆረጠምሁ።

«አየሽ ያችን ጎጆ?» አሉኝ፤ ከግቢው ጥግ ጣሪያዋ በጭስ የጠቆረ ትንሽ ቤት ነበረች። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አረቄ እያወጣሁ ነው የኖርሁ። ልጆቸን ያሳደግሁበት ነውና አልረግመውም። ግን የሚሳደበው፣ የሚደባደበው፣ አጥሬን ተደግፎ የሚያስታውከው ሰው ሰልችቶኛል። ይኸ ያንች ነገር ከሠመረ አረቄውን እተዋለሁ። አልሠምር ካለ ደግሞ ያው አረቄየን ይዠ እሞታለሁ።»

ስምምነቱም ግልጽ ነበር። ዓርብ ከሰዓት አቶ ደምሴ ይመጣሉ። የመንደሩ ሰው ማሩን ቀምሶ ከወደደው ትሪው እትዬ የሻረግ ግቢ ይቀራል። ካልወደደው ያኔውኑ መኪና ላይ ተጭኖ ሐይቁን ዞሮ ደልጊ ላሉ ገበሬዎች ይሄዳል። የሐሙሲቱ ነጋዴ ኑሩም ጥሩ ከሆነ እገዛለሁ ብሎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የሸንኮራውን ግማሽ ጨመቅን። ሁለት ጎልማሶች ከትሪው ጋር ያመጣነውን መጭመቂያ እየተፈራረቁ አዞሩልን። ትሪውን በውሃ ልክ ለካሁት፤ የውሃ ልኩ አረፋ መካከል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ኮራሁ። ከዚያ ምድጃውን በወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ እስከ ጉሮሮው ጠቀጠቅሁት። ብዙ እንጨት ብዙ እሳት ነው፤ ብዙ እሳት ደግሞ ጥሩ መፍላት ነው፤ ሂሳቡ ለእኔ እንዲህ ነበር።

ለግማሽ ሰዓት የወጣው ጭስ ብቻ ነው። ከዚያ ግንዱ በአንድ ጊዜ ተቀጣጠለና በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ጭማቂ እየዘለለ ከትሪው ይወጣ ጀመር። በአፉ በኩል ያለው ግን ለብ ብሎ ተኝቷል። እንዲያውም አንዲት ንብ ገብታበት ስትዋኝ ቆይታ፣ ምንም ሳትሆን ወጥታ ክንፏን አራግፋ ሄደች። ትሪው ያጋደለ መስሎኝ ውሃ ልኬን ይዤ ዙሪያውን ሮጥሁ። አንዱን ጥግ በድንጋይ አነሳሁት፤ በሌላው ጥግ ፈሰሰ። ያንን አነሳሁት፤ በዚህ ፈሰሰ። በመጨረሻ ትሪውን በመዶሻ እየነካካሁ ላስተካክለው ሞከርሁ። ከጎልማሶቹ አንዱ «አልጋውን እንቅልፍ ወሰደው፤ ግማሽ ጎኑ ብቻ ነው የነቃ» አለ። ሳቃቸው ሐይቁን ተሻገረ። ወዲያው የማረር ሽታ መጣ።

ያረረውን ስንፍቅ እትዬ የሻረግ አጠገቤ ተቀመጡ። ግማሽ ሸንኮራቸው ጠፍቷል፤ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አንች ልጅ» አሉኝ፣ «አልጋው ምን በድሎሽ ነው የምትደበድቢው? ነገሩ ያለ ከሥር ነው።»

«ከሥር ምን አለ?»

«እሳቱ ነዋ! አረቄ ቸኩሎ ከፈላ ድፍድፉ ይወጣል። ከተኛ ደግሞ ጠብ አይልም። እሳትን አታጎርሽውም፤ ታቀምሽዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያሳዩኝን ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተቀምጬ አልተማርሁትም። ግንዱን አስጥለው ከጣሪያቸው ሥር የከረመ ደረቅ ፍልጥ አወጡ፤ ውፍረቱ ከእጄ አንጓ አይበልጥም። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሦስት ብቻ ነው፤ አየር እንዲያልፍበት አጣምረው ያስቀምጡታል። የምድጃውን አፍ ወዲያው በቆርቆሮ ይዘጋሉ። ከዚያ አምስት ጊዜ «አባታችን ሆይ» ይደግማሉ፤ አምስተኛው ሲያበቃ ሦስት ፍልጥ ይጨመራል። የእጅ ሰዓት እንዳለኝ ነገርኋቸው። «ሰዓትሽ ይቆማል፤ ይኸ አይቆምም» አሉኝ። ተደብቄ በሰዓቴ ለካሁት፤ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነበር። አንድ ጎረቤት መጥቶ ሲያናድዳቸው ብቻ ጸሎቱ ስለሚፈጥን እሳቱም ይበረታል።

ምድጃው እንደገና ከመቀጣጠሉ በፊት ደግሞ ሌላ ጥፋቴን አገኙ። የምድጃውን አፍ ወደ ሐይቁ አዙሬ ነበር ያሠራሁት፤ ለምን ቢሉ፣ እንጨት ስጨምር ሐይቁን ላይ ብዬ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ የሐይቁ ነፋስ በአፉ ገብቶ እሳቱን ሁሉ ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋዋል። ምድጃውን ለማፍረስ ጊዜ የለም። እትዬ የሻረግ ከደንገል የተሠራውን የሟች ባላቸውን አሮጌ ታንኳ ከዳር አስጎትተው መጡ። ደንገሉን በውሃ አርሰው ከምድጃው አፍ ፊት፣ ራቅ አድርገው አቆሙት፤ ነፋሱ ቀጥ አለ። በትሪው ላይ ውሃ ብቻ ሞልተን ሞከርነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ስሚ እስቲ። እዚያ ጥግ ያጉረመርማል፤ እዚህ ያንሾካሹካል። ሁለቱ አንድ ነገር እስኪያወሩ ነው።»

ከዓይን ይልቅ በጆሮ የሚሠራ መሐንዲስ አይቼ አላውቅም ነበር። እስኪመሽ ድረስ ስናንሾካሽክ ዋልን።

ዓርብ ጠዋት የቀረውን ሸንኮራ በሙሉ ጨመቅን። ሌላ የለም። ሦስት ፍልጥ፣ አምስት «አባታችን ሆይ»፣ ሦስት ፍልጥ። የሚነሳውን ቆሻሻ እየገፈፍን፣ እንጨቱን እየተቀባበልን ቀጠልን። ረፋዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቃቅን አረፋ ዘረጋ። አንድም ጥግ አልዘለለም፤ አንድም ጥግ አልተኛ። በሕይወቴ ከዚያ የሚያምር ነገር የሠራሁ አይመስለኝም። ደስታዬ በዝቶ ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። አንድ ችግር ብቻ ነበረ፤ ማሩ ደርሷል አልደረሰም ብሎ የሚቀምስ ሰው አልነበረም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ጿሚ ነው። እኔ እንኳ ጠዋት ከደንገሉ ጀርባ ብስኩት ብበላም፣ በሰው ፊት ጣቴን መላስ አልደፈርሁም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ የመኪና ድምፅ ተሰማ። እትዬ የሻረግ እንግዶቹን ሊቀበሉ ሄዱ፤ ጎልማሶቹም ተከተሏቸው። እኔ ብቻዬን ከአልጋው ጋር ቀረሁ። አረፋው የተነሳው ልክ ያን ጊዜ ነው። እየወፈረ ሲመጣ እንዲህ እንደሚያደርግ አላወቅሁም፤ በአንድ ጊዜ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠርዙን ሊያልፍ ደረሰ። ትናንት የጠፋው ግማሽ ትዝ አለኝ። ኪሴን ዳበስሁና ጽሑፉን አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «አረፋው በድንገት ከፍ ካለ ጥቂት ቅቤ ጣል ማድረግ» ይላል። የመድኃኒት ብልቃጡን ከፈትሁ፤ የሽምብራ ፍሬ የምታህል በጥፍሬ ቆንጥሬ ጣል አደረግሁ።

ወዲያው አረፋው ሁሉ ስስስ ብሎ ተኛ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በበረዶ አገር ያሉትን ሰዎች በልቤ መረቅኋቸው።

እትዬ የሻረግ እያለከለኩ ተመለሱ። በእጃቸው ትንሽ ስኒ ይዘዋል። «ሳይነሳብሽ ብየ ሮጥሁ! አረፋ ሲነሳ የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ቅቤም ያስተኛው ነበር፤ ግን ጾም ነው።» ከዚያ ትሪውን አዩ። «ውይ፣ ራሱ ተኝቶልሻል! እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው!»

ከጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ በረዶ ሆንሁ። በበረዶ አገር ዐቢይ ጾም እንደሌለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እትዬ የሻረግ ማሩ ከጭልፋው እንደ ክር ሲሳብ አይተው «ደርሷል» አሉና ከእሳት አውርደን በእንስራ ገለበጥነው። በግቢው ሰው ተሰብስቧል፤ አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ኑሩ ብስክሌቱ ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን አስሮ ከኋላ ቆሟል። መጀመሪያ የሚቀምሱት ቄስ ሞላ ናቸው፤ የመንደሩ ሰው የእሳቸውን ፊት አይቶ ነው የሚከተለው። እኔ ደግሞ በልቤ እከራከራለሁ። ማንም አላየኝም። ለዚህ ሁሉ ማር አንዲት ሽምብራ ምን አላት? ዝም ካልሁ ትሪው ይቀራል፤ እትዬ የሻረግ ከአረቄ ይገላገላሉ። ከተናገርሁ ሁሉም ነገር መኪና ላይ ይጫናል። ምክንያቱ ሁሉ ዝም በይ ነበር የሚለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቄስ ሞላ ጸለዩ፤ ከዳቦው ቆረሱ፤ ማንኪያውን ከማሩ ነከሩ። ማንኪያው ጺማቸው ዘንድ ሲደርስ አንድ ቀጭን ድምፅ «አባ! ቆዩ!» ሲል ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነበር።

ማንኪያው በአየር ላይ ቆመ። «ምነው ልጄ?»

«ቅቤ አለበት» አልሁ።

እትዬ የሻረግ «ኑጉን ይዠልሽ መጥቸ!» አሉ።

«ቀድሞ ገብቶ ነበር» አልሁ፤ እንባዬ መጣ።

ቄስ ሞላ ማንኪያውን ሳያወርዱ «ስንት ነው የጨመርሽበት?» አሉኝ።

«የሽምብራ ፍሬ ታህላለች።»

«ለዚህ ሁሉ?»

«ለዚህ ሁሉ።»

እንስራውን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኸማ ቅቤዋ ራሷ ያለችበትን አታውቀውም» አሉ። ሰው ሊስቅ ፈለገና ፈራ። እሳቸው ግን ማንኪያውን በቀስታ ከሳህኑ አስቀመጡ። «ቢሆንም ጾም ጾም ነው። ዝም ብትይ ኑሮ እበላው ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሚቀምሰው ከሌለ ምን ማድረግ ይቻላል? ስምምነታችን ግልጽ ነው። ሳይመሽ እንጫን።» እትዬ የሻረግ ዞረው ያችን የጠቆረች ጎጆ ብቻ አዩ። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ይኼኔ ከኋላ ኑሩ ተናገረ። «አባ ሞላ፣ እኔን የከለከለችኝ ቅቤ አይደለችም፤ ፀሐይ ነች።»

ረመዳን ነበር። የዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተዋል። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ፤ ከሐይቁ በላይ ገና ጎልማሳ ነች።

«ስንት ሰዓት ትጠልቃለች?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ስትጠልቅ» አለ ኑሩ።

ቄስ ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንጠብቃለን» አሉ። እሳቸው ከተቀመጡ ማን ቆሞ ይሄዳል? አቶ ደምሴም እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

እንዲህ ዓይነት ጥበቃ አይቼ አላውቅም። ክርስቲያኑ ሁሉ ዳቦና የተቀቀለ ሽምብራ ይበላል፤ ኑሩ አፉን እንደዘጋ፣ ጀርባውን ለእንስራው ሰጥቶ ተቀምጧል። ነፋሱ የማሩን ሽታ ይዞ በመጣ ቁጥር ፊቱን ይሸፍናል። ሰውም መቸኮል ጀመረ። አንዱ «አሁንማ ገብታለች» ይላል፤ ኑሩ «ደመና ነው» ይላል። ሌላው «ከዛፉ ወርዳለች እኮ!» ይላል፤ ኑሩ «ዛፍ አይቆጠርም» ይላል። በመጨረሻ የመንደሩ ክርስቲያን ሁሉ፣ ቄሱ ጭምር፣ በአንድ ወገን ሆኖ ፀሐይዋ መጥለቋን ይከራከራል፤ ኑሩ ብቻውን ከሐይቁ ማዶ የቀረችውን ቀይ ጠርዝ በጣቱ እያሳየ አልጠለቀችም ይላል። አቶ ደምሴ በዓይናቸው ሊገፏት ሞከሩ።

ጠለቀች። ኑሩ ከኪሱ አንድ ተምር አውጥቶ በላ፤ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ዳቦውን በማሩ ነከረና ጎረሰ። ሁላችንም አገጩን ብቻ እናያለን። ደገመ። ሠለሰ።

«ኧረ ተናገር እንጅ!» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ቆይ፣ አልጨረስሁም» አለ ኑሩ፣ አፉ ሞልቶ።

ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ልሶ ተነሳ፤ ብስክሌቱ ላይ የታሰሩትን ሁለት ጀሪካኖች ፈትቶ እንስራው አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ እትዬ የሻረግ እኔን አቅፈው ጀርባዬን ደጋግመው መቱኝ፣ ግማሹ ፍቅር ግማሹ ቁጣ ነበር። አቶ ደምሴ ጨለማው እየጠቆረ መሆኑን አይተው፣ «ትሪው ለጊዜው እዚህ ይቆይ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ለመውሰድ የመጣ ሰው እስካሁን የለም። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ በእትዬ የሻረግ በር ላይ የጎረቤት ሸንኮራ ተከምሮ አገኘሁ። አፈላነው። በኑግ።

እኔ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ፤ ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። እትዬ የሻረግ አረቄውን መተዋቸውን ሰምቼ ነበር፤ በኋላም ማረፋቸውን ሰማሁ። ሄጄ አልቀበርኋቸውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እነሆ አሁን ሐሙሲት ላይ ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ሻጯ ሄድሁ። «ልጄ፣ ድሮስ ቅቤ ይገባበታል እንዴ?» አልኋት።

ሳቀች። «ኧረ የመንደራችን ወሬ ነው እማማ። ድሮ አንዲት የከተማ ልጅ መጥታ፣ በጾም አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ገለበጠችበት አሉ። ቄሱ ከጎረሱ በኋላ ጮኸች አሉ። ቄሱም ወደኋላቸው ወደቁ።»

«አንድ ቅል?»

«ሙሉ ቅል!»

ሽምብራ ነበረች፣ ብዬ መጮህ አማረኝ። «ማን ነበረች ልጅቱ?» አልሁ።

«ስሟን የሚያውቅ የለም። ቅቤዋ ነው የሚሏት። ከዚያ ወዲህ ገዥ እንዳይጠረጥረን ስንሸጥ እንዲህ ብለን እንጮሃለን።»

«እኩል እንዲፈላስ እንዴት ታደርጉታላችሁ?»

ሳታስብ መለሰችልኝ። «ሦስት ፍልጥ፣ አምስት አባታችን ሆይ። አያቴ የሻረግ ናት እንዲህ ያስተማረችን።» ፊቷን ደህና አድርጌ አየሁት፤ ስትስቅ የሚጠበው ዓይን የእሳቸው ነበር። እንባዬ እንዳይታይ ጠርሙሶቹን መምረጥ ጀመርሁ። ሁለት ገዛሁ።

«ለፋሲካ ደግሞ ይምጡ» አለችኝ። «ለፋሲካ የምናፈላው በቅቤ ነው። ነጋዴው ኑሩ ሽማግሌ ሁኖ እንኳ እሱን ካልሆነ አይበላም። ቶሎ ስለሚያልቅ ግን አስቀድመው ይዘዙ። በማን ስም ላስቀምጥልዎ?»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እግሬን የሚኒባሱ መወጣጫ ላይ አድርጌ ዞርሁ።

«ቅቤዋ በይው» አልኋት።

ሰፌዱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። መኪናው ሲነሳ ከመስኮቱ ወደ ኋላ አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም።

ይህን ስጽፍ አንደኛው ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባገለገልሁበት ዘመን ብዙ ነገር በየድሁ፤ አብዛኛው ዝጎ ተጥሏል። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም ሰው የሚያስታውሰው ስህተቴን ነው፤ በዚህ ቅር አይለኝም። ፋሲካ እስኪደርስ ቀን እየቆጠርሁ ነው። ሐሙሲት ሄጄ፣ ሁለት ጠርሙስ ከነቅቤው ተቀብዬ፣ ወደዚያች መንደር ወርጄ እትዬ የሻረግ መቃብር ዘንድ እቀመጣለሁ። የቅቤው መጠን የሽምብራ ፍሬ ብቻ እንደነበረ ለልጅ ልጃቸው አስረዳለሁ፤ ታምነኛለች ብዬ ግን አልጠብቅም።